አንጋፋውን ሪሲቨር ከመውሰዳችሁ በፊት፦ ለፋንታሲ ፉትቦል ድራፍት የምቆጥርበት መንገድ

ነሐሴ 2024 ነበር፤ በፈረንጆቹ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ጓደኛችን ቤት አሥራ ሁለት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ስልኩ ሁሉ በርቷል። የምንጫወተው ፋንታሲ ፉትቦል ነው፤ እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን በተራ እየመረጥን (ምርጫው ድራፍት ይባላል) የየራሳችንን ቡድን እንሠራለን፤ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ቁጥር እኛ ነጥብ እናገኛለን። ድራፍቱ ስድስተኛ ዙር ገብቷል፤ ተራው የእኔ ነው። ካልተወሰዱት ስሞች አናት ላይ ኪናን አለን ተቀምጧል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዓመታት ከሎስ አንጀለሱ ቻርጀርስ ጋር ኳስ ሲለቅም ያየነው ሪሲቨር፣ ማለትም የተወረወረለትን ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ነው። ግን ማንም አልነካውም። ሰዓቱ 40 ሰከንድ ይላል።

ወሰድኩት። በስሙ ነው የወሰድኩት፤ ምንም አልቆጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ዕድሜው 30 ያለፈ ሪሲቨር ሳልቆጥር አልነካም። ከዚህ በታች ያለው የምቆጥርበት መንገድ ነው። ለአንድ ተጫዋች አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃል።

ለፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ሰዎች አንድ ነገር ላስቀድም። እዚያ አንዱን ኮከብ እኔም፣ አንተም፣ ጎረቤትህም መያዝ እንችላለን። በአሜሪካው የድራፍት ጨዋታ ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ከወሰድኩት ለሌላው የለም። ስለዚህ ጥያቄው «ጥሩ ነው ወይ?» ብቻ አይደለም። «በዚህ ዙር፣ ሌላውን ትቼ፣ እሱን ልውሰድ ወይ?» ነው። ይህን እስከ መጨረሻው ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. የሊጋችሁን የነጥብ ሕግ ክፈቱ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። አትዝለሉት። በሦስት ዓይነት ሊግ አንድ ሪሲቨር ሦስት የተለያየ ሰው ነው። በሁሉም ኳስ ይዞ የተሸፈነ 10 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) አንድ ነጥብ ነው፤ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ፣ ስድስት። ልዩነቱ የተያዘ ኳስ ላይ ነው። ፒፒአር በሚባለው ሊግ እያንዳንዱ የተያዘ ኳስ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ግማሽ ፒፒአር ግማሽ ነጥብ ይሰጣል። ስታንዳርድ ምንም አይሰጥም።

የ2023ን ሁለት አንጋፋዎች እንይ። የታምፓው ማይክ ኤቫንስ 79 ኳስ ይዞ 1,255 ያርድና 13 ታችዳውን አገኘ። ኪናን አለን ደግሞ 108 ኳስ፣ 1,243 ያርድ፣ 7 ታችዳውን። በፒፒአር ኤቫንስ 282.5፣ አለን 274.3 ይሆናሉ። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። በስታንዳርድ ግን 203.5 ለ166.3 ነው። በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ተፈጠረ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሪሲቨር ወደ አጭር ኳስ ይሄዳል፤ ብዙ ይይዛል፣ ጥቂት ይሮጣል። ስለዚህ ፒፒአር በአጠቃላይ ለአንጋፋዎች ደግ ነው።

2. ጠቅላላውን ትታችሁ በጨዋታ አካፍሉ

ኤቫንስ ያን ሁሉ ያመጣው በ17 ጨዋታ ነው። አለን በ13። የፒፒአር ነጥባቸው በጨዋታ ሲካፈል ኤቫንስ 16.6 ነጥብ፣ አለን 21.1 ነጥብ ነው። የዓመቱን ድምር ብቻ ያየ ሰው ኤቫንስ ይበልጣል ብሎ ይሄዳል። በጨዋታ ያካፈለ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ አለን ሜዳ ላይ ሲሆን ይበልጣል፣ ግን አራት ጨዋታ ቀርቷል። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

3. ታርጌት ቁጠሩ፣ ከዚያ ያርዱን በታርጌት አካፍሉ

ታርጌት ማለት ኳርተርባኩ (የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ) ወደ ሪሲቨሩ የወረወረው ኳስ ነው፤ ያዘውም ሳተውም። ከሁሉም ቁጥር በላይ የማምነው ይህንን ነው። ታችዳውን ዕድል ይገባበታል። ታርጌት ግን ቡድኑ በሰውየው ላይ ያለው እምነት ነው። አለን በ2023 ወደ 150 ገደማ ታርጌት ነበረው፤ በጨዋታ ከ11 በላይ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። በጨዋታ 8 ካለ ደስ ይለኛል። ከ6 ከወረደ አንጋፋውን እፈራዋለሁ።

ታርጌት ብቻውን ግን ይሸውዳል። ኤጄ ግሪን ሲንሲናቲ ውስጥ የመጨረሻ ዓመቱ በሆነው 2020፣ 104 ታርጌት ነበረው። ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ የያዘው 47 ብቻ ነው፤ 523 ያርድ፣ 2 ታችዳውን። 523ን ለ104 ስታካፍሉ 5 ያርድ ይመጣል። የአለን የ2023 ቁጥር 8.3 ነው። ልዩነቱ ሜዳ ላይም ይታያል። አንዱ ከተከላካዩ ተላቆ ይይዛል፤ ሌላው ሲደርስ ተከላካዩም አብሮት ደርሷል። እግር እንደከዳ መጀመሪያ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ከ6 በታች ካያችሁ፣ የድሮ ስሙ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ቆም በሉ።

4. ዓመቱን ለሁለት ክፈሉት

የዓመት ድምር አንጋፋን ይሸፍናል። ስቴፈን ዲግስ በ2023 ለቡፋሎ 107 ኳስ ይዞ 1,183 ያርድ አገኘ፤ 8 ታችዳውን ጨምሮ። ወረቀቱ ላይ እንከን የለውም። ጨዋታ በጨዋታ ከፍታችሁ ስታዩት ግን ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አምስት ጊዜ 100 ያርድ ወይም ከዚያ በላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ መደበኛው ውድድር እስኪያልቅ አንድም ጊዜ 100 አልደረሰም። በኅዳር ቡፋሎ የማጥቃት አሠልጣኙን ኬን ዶርሲን አሰናብቶ ጆ ብሬዲን ተካ፤ ቡድኑም ኳስ ከመወርወር ይልቅ ይዞ ወደ መሮጥ አዘነበለ። በሚቀጥለው ዓመት ዲግስ ሂዩስተን ነበር። በስምንተኛው ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ዓመቱ አለቀ። ያ ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም። መቀዝቀዙ ግን ከዓመት በፊት ለሚያይ ሰው ግልጽ ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ለብቻ ደምሩ። ከመጀመሪያዎቹ ብዙ ካነሱ፣ ምክንያቱን ፈልጉ። አሠልጣኝ ነው? ጉዳት ነው? ወይስ እግሩ ነው? አሠልጣኝ ይቀየራል። ጉዳት ይድናል። እግር አይመለስም።

5. ማን ነው የሚወረውርለት?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ውሰዱ። እኔን ያስመታኝ ይህ ነው።

ላሪ ፊትዝጀራልድ በ2014 ለአሪዞና 63 ኳስ ብቻ ያዘ፤ 784 ያርድ፣ 2 ታችዳውን። ዕድሜው 31 ነበር። ብዙ ሰው ከዝርዝሩ ሰረዘው። ነገር ግን የዚያን ዓመት ኳርተርባኩ ካርሰን ፓልመር ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። ቀሪውን ተተኪዎች ወረወሩ። በ2015 ፓልመር ጤናውን ይዞ ተመለሰ። ፊትዝጀራልድ 32 ዓመት ሞልቶት 109 ኳስ፣ 1,215 ያርድ፣ 9 ታችዳውን አመጣ። ሰውየው በአንድ ክረምት ወጣት አልሆነም። የሚወረውርለት እጅ ተመለሰለት እንጂ። በዚያ ላይ አሠልጣኙ ብሩስ ኤሪያንስ ከዳር አንስቶ ወደ ውስጥ፣ ስሎት ወደሚባለው ቦታ አምጥቶት ነበር። እዚያ ፍጥነት ብቻ አይደለም የሚያበላው፤ ጊዜን ማወቅ፣ ክፍት ቦታን ማሽተትና ጠንካራ እጅ ነው። አንጋፋ የሚኖርበት ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ሪሲቨራችሁ ከዳር ወደ ስሎት እየገባ ከሆነ በጎ ምልክት አድርጋችሁ ያዙት።

አሁን ወደ አለን። በ2023 የሚወረውርለት ጀስቲን ኸርበርት ነበር፤ ለአራት ዓመት አብረው የሠሩ ናቸው። አንዱ ሌላውን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። በመጋቢት 2024 ቺካጎ፣ እውነተኞቹ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በሚመርጡበት በራሳቸው ድራፍት የነበረውን አንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ወሰደው። እዚያ የጠበቀው በዚያው ዓመት የዚሁ ድራፍት አንደኛ ምርጫ የነበረው ካሌብ ዊልያምስ ነው። ተሰጥኦ ሞልቶታል፤ ግን ጀማሪ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ ሊሳሳት ግድ ነው። እኔ ያን ማታ የ108 ኳሱን ሰውዬ ነው የመረጥኩት። ያ ሰውዬ ሎስ አንጀለስ ቀርቷል።

የምጠይቃቸው ሦስት ናቸው። ኳርተርባኩ ያው ነው ወይስ ተቀይሯል? ጤነኛ ነው? አብረው ስንት ዓመት ሠርተዋል? ሦስቱም መጥፎ ከሆኑ ሰውየውን ሁለት ዙር ዝቅ አድርጉት።

6. አጠገቡ የተቀመጡትን እዩ

ኳሱ አንድ ነው፤ እጆቹ ብዙ። ቺካጎ ዲጄ ሙር ነበረ፤ በ2023 ብቻውን 1,364 ያርድ የሠራ ሰው። ከዚያ ወጣቱን ሪሲቨር ሮም ኦዱንዜን በዚያው ድራፍት በዘጠነኛ ምርጫ ጨመሩ። ወጣት ላይ ውድ ምርጫ ያወጣ ቡድን ወጣቱን ማጫወቱ አይቀርም። አንጋፋው ላይ የሚመጣው ታርጌት ከዚያ ይቀነሳል።

7. ሰውነቱን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ጠይቁ

«ተጎድቶ ነበር» ማለት አይበቃም። ምኑን? የተሰበረ አጥንት ጊዜውን ጠብቆ ይገጥማል። ጡንቻ፣ በተለይ ከጭን ጀርባ ያለው ሃምስትሪንግ፣ ይመላለሳል። አለን በ2022 በሃምስትሪንግ ምክንያት 10 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ኤቫንስ በ2024 በዚሁ ጡንቻ ሦስት ጨዋታ ቀረ፤ በ2025ም መልሶ ያዘው። ከዚያ ሲመለስ ደግሞ ዲትሮይት ላይ ከአንገቱ በታች ያለው የትከሻ አጥንቱ (ክላቪክል) ተሰበረ። ከሁለቱ ጉዳቶች ለሚቀጥለው ዓመት የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው።

ስንት ጨዋታ ይጫወታል ብላችሁ ስትገምቱ 17 አትበሉ። ለአንጋፋ 14 ነው የምጽፈው። የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች ከቤንች የሚሞላ ሰው መያዝ አለባችሁ ማለት ነው።

8. ታችዳውኑን በግማሽ እመኑ

አዳም ቲለን በ2020 ለሚኒሶታ 14 ታችዳውን አገባ። በ2021 አሥር። በ2022 ስድስት። ብዙ ታችዳውን ያገባ አንጋፋ በሚቀጥለው ዓመት ይቀንሳል ብላችሁ ጀምሩ። ከዚህ የማወጣው እንደ ኤቫንስ ያለውን፣ በቁመቱና በትከሻው በመጨረሻዎቹ 20 ያርዶች ሁልጊዜ የሚፈለገውን ነው።

9. ቡድኑ ይወደዋል ወይ?

ይህ በቁጥር አይመጣም፤ ግን አለ። ጥር 5 ቀን 2025፣ ታምፓ። ታምፓ ኒው ኦርሊንስን 27 ለ19 እየመራ ነው። ሰከንዶች ቀርተዋል። ኳርተርባኩ ተንበርክኮ ጨዋታውን መጨረስ ይችል ነበር። ኤቫንስ ግን 1,000 ያርድ ለመሙላት አምስት ያርድ ጎድሎታል። ቤከር ሜይፊልድ ወረወረለት። ዘጠኝ ያርድ። 1,004። ለ11ኛ ተከታታይ ዓመት 1,000 አለፈ፤ የጄሪ ራይስን ክብረ ወሰን ተጋራ፤ 3 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻም ውሉ ላይ ተጽፎለት ነበር። የቡድን ጓደኞቹ እንደ ልጅ እየዘለሉ ከበቡት። ያን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለእኛ ለፋንታሲ ተጫዋቾች ያ ኳስ ዋጋ አልነበረውም፤ ብዙው ሊግ 17ኛው ሳምንት ላይ ያልቃል፤ ያ 18ኛው ነበር። ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል። ቡድኑ ለዚህ ሰው ኳስ ይፈልግለት ነበር። በተቃራኒው በየዓመቱ ቡድን የሚቀይር አንጋፋ እንዲህ ያለ ወዳጅ ለማፍራት ጊዜ አያገኝም።

10. ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት

ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ኮምፒውተር አይከፍቱም። የደረሰኝ ጀርባ ላይ አራት መስመር ያሰምራሉ፤ ታርጌት፣ የሚይዘው፣ ያርድ፣ ታችዳውን። ከድራፍቱ በኋላ ስለ አለን እንዲህ ሠርተው አሳዩኝ።

ቺካጎ ላይ በጨዋታ 8 ታርጌት ያገኛል እንበል። ጀማሪ ኳርተርባክ ስለሆነ 5 ይይዛል፤ 5 ነጥብ። በአንድ ኳስ 11 ያርድ፣ በድምሩ 55፤ 5.5 ነጥብ። በየሦስት ጨዋታው አንድ ታችዳውን፤ በጨዋታ 2 ነጥብ። ድምሩ 12.5። «ያምናው 21 ነው፣ የዘንድሮው 12 ተኩል» አሉኝ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ዓመቱ ሲያልቅ አለን በ15 ጨዋታ 70 ኳስ፣ 744 ያርድ፣ 7 ታችዳውን ነበረው። በጨዋታ 12.4 ነጥብ። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። ግን አራቱ መስመሮች ከስም ይሻላሉ። እናንተም በራሳችሁ ሦስት ጊዜ ሥሩት፤ አንዴ በደህና ግምት፣ አንዴ በመጥፎ፣ አንዴ በመሀከለኛው። ዙሩን በመሀከለኛው ወስኑ።

11. አሁን ዋጋውን ጠይቁ

መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ይህ ነው። በዚያው በ2024 ታይሪክ ሂል 30 ዓመቱ ነበር። በ2023 በ16 ጨዋታ 119 ኳስ፣ 1,799 ያርድ፣ 13 ታችዳውን ሠርቶ ነበርና በድራፍቱ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ሄደ፤ አንደኛ ዙር። በሁለተኛው ሳምንት የማያሚ ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎአ ጭንቅላቱ ተመትቶ አራት ጨዋታ ቀረ። ሂል ራሱ የእጁን አንጓ እያመመው ተጫወተ። መጨረሻው 81 ኳስ፣ 959 ያርድ፣ 6 ታችዳውን፤ በጨዋታ 12.5 ነጥብ።

አለን 12.4፣ ሂል 12.5። አንድ ዓይነት ዓመት ነው። ነገር ግን አለንን በስድስተኛ ዙር የወሰድኩት እኔ ተንገዳገድኩ እንጂ አልወደቅኩም። ሂልን በአንደኛ ዙር የወሰደው የሊጋችን ልጅ ታኅሣሥን ከዳር ሆኖ ነው ያየው። ያው ነጥብ ነው፤ የተከፈለው ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው። 30 ያለፈ ሪሲቨር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አልወስድም። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ፣ ኳርተርባኩ ያው ከሆነና በታርጌት ከ8 ያርድ በላይ ካለው እወስዳለሁ። ከስድስተኛ በኋላ ደግሞ በድፍረት እወስዳለሁ፤ ሁሉም ወጣት ሲያሳድድ እዚያ የሚተዉ አንጋፋዎች ብዙ ጊዜ በርካሽ የተገኙ ናቸው። ከእሱ ጎን በዚያው ዙር ያለውን ወጣት ስም ጻፉና ሁለቱን አወዳድሩ። ወጣቱ ሊያድግ ይችላል። አንጋፋው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይሰለፋል። ሌሎቹ ተሰላፊዎቻችሁ ልጆች ከሆኑ አንጋፋውን፣ አንጋፋ ከሞላባችሁ ልጁን ውሰዱ።

ድራፍት ላይ «ጄሪ ራይስ በ40 ዓመቱ 1,211 ያርድ ሠርቷል» የሚላችሁ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2002 ለኦክላንድ 92 ኳስ ይዟል። ጄሪ ራይስ ግን አንድ ነው።

12. ውድድሩ ከጀመረ በኋላ

በሁለት ሳምንት አትፍረዱ። ታርጌቱን ለአራት ሳምንት ተከታተሉ። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ታርጌቱ ካለ ታገሡ። ነጥቡ በታችዳውን ተነፍቶ ታርጌቱ ከወረደ፣ ከሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታው በማግስቱ ለሌላ ሰው ሽጡት።

መታገሥ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አለን ተረከዙን አሞት በመስከረም ሁለት ጨዋታ ቀረ፤ ጥቅምቱም ደብዛዛ ነበር። ብዙ ሰው አሰናበተው። በኅዳር ቺካጎ የማጥቃት አሠልጣኙን ሼን ዋልድረንን አንስቶ ቶማስ ብራውንን አስቀመጠ። ኳሱ ቶሎ ከኳርተርባኩ እጅ መውጣት ጀመረ። አጭር ኳስ የሚለቅም ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። በምስጋና ቀን ዲትሮይት ላይ ሁለት ታችዳውን አገባ። ቤንች ላይ አስቀምጬው ስለነበር ነጥቡ አልደረሰኝም። አሠልጣኝ ሲቀየር ስሌቱን እንደገና ሥሩ፤ እኔ አልሠራሁትም ነበር።

የረቡዕ ልምምድ ዝርዝር ላይ «ዕረፍት» ተብሎ ስታዩ አትደንግጡ። አንጋፋዎችን ረቡዕ ማሳረፍ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ዓርብ ነው። ዓርብ ያልተለማመደ፣ በተለይ ሃምስትሪንግ የተጻፈበት፣ እሑድ ቢገባ እንኳ ግማሽ ጨዋታ ሊሆን ይችላል።

የማይሰለፉት ስም የሚወጣው ከጨዋታው 90 ደቂቃ በፊት ነው። በፈረንጆቹ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ የአንድ ሰዓቱ ጨዋታ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 11:30 ላይ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ያን ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነን ወይም ገና እየወጣን ነው፤ ስልክ ማውጣቱም ነውር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ተዘጋጁ። አንጋፋችሁ አጠራጣሪ ከሆነና የሚጫወተው በአንድ ሰዓት ከሆነ፣ ጤነኛውን አስገብታችሁ እሱን ቤንች አድርጉት። ጨዋታው 4:25 ላይ ወይም ማታ ከሆነ ግን ተዉት፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታችሁ፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ትወስናላችሁ። በእሱ ቦታ የሚገባውም ሰው በዚያው የከሰዓት ወይም የማታ ጨዋታ ላይ ያለ መሆኑን ቅዳሜ ማታ አረጋግጡ።